የርቢዋ ጊንጥ

ቆቦ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፈሪሀ፣

ጤነኛ ሰው ቤቱ ውስጥ ጊንጥ ያሳድጋል? ሰላምታውን ትንሽ ላቆየውና መጀመሪያ ይህን ልጻፈው፤ ከሰኔ ጀምሮ እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ደህና ነሽ ወይ ከማለቱ በፊት የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። አንቺንም ላይፕዚግ ውስጥ ባለፀጉር ሸረሪቶችሽን ስትቀልቢ ጎረቤት ይጠይቅሽ ይሆናል። ምን ብለሽ እንደምትመልሺ ጻፊልኝ፤ እኔ «ደስ ስለሚለኝ» ስል «ደስታ በምን ጠፋ!» ይሉኛል።

በይ አሁን ሰላምታው። አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ጤናሽን፣ ያባትሽን ጉልበት፣ የእጅሽን ሥራ ይጠብቅልኝ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናቴ ኡሙሰልማ «ለወንድሜ ልጅ ሰላም በይልኝ፤ ስትመጣ ያን አውሬዋን ይዛልን ትሂድ» ብላለች። በስልክ ያልነገርኩሽ በሁለት ምክንያት ነው፦ ኔትወርኩ አንድ ቀን መጥቶ ሦስት ቀን ይጠፋል፤ ሲመጣ ደግሞ እንጣላና ትዘጊብኛለሽ። ወረቀት ጆሮዬ ላይ አይዘጋም።

ወሬው እንዲህ ነው። ጊንጧ ወለደች!

ያቺው ለአረፋ መጥተሽ ሆርማት ወንዝ ዳር የያዝናት። ድንጋዩን የገለበጥሽው አንቺ ነሽ፤ በከሰል መቆንጠጫ የያዝኳት ግን እኔ ነኝ፣ አንቺማ ጫማሽን ጥለሽ ማሽላው ውስጥ ገብተሽ ነበር። ለካ ያኔውኑ ሆዷ ሙሉ ኖሯል። ሃያ ስምንት! ሩዝ የሚያካክሉ፣ ነጫጭ፣ እናታቸው ጀርባ ላይ ተደራርበው፣ እንደ አይሱዙ ጭነት። አጎታችን መህዲ ሱቅ ሐሰተኛ ብር የሚለዩባት ሐምራዊ መብራት አለች አይደል? ለምኜ ወስጄ ጊንጧን በማኖርበት በሱቁ መጋዘን ውስጥ፣ ከጨርቁ ጀርባ ጨለማው ላይ አበራሁባት። እናትየዋ እንደ አረንጓዴ መስታወት ቦግ አለች። ልጆቿ ግን አንዱም አልበራ፤ የመጀመሪያ ቆዳቸውን ገና አልጣሉማ! መጽሐፍ ላይ ያነበብኩትን በዓይኔ አየሁት። አጎቴ «ይህን መብራት የገዛሁት ለብር ነው እንጂ ለጊንጥ ሠርግ አይደለም» ብለው ነጠቁኝ።

አሁን ዋናውን ስሚ። በባዮሎጂ ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት ሞላኝ፤ ዲግሪዬ ሳጥን ውስጥ ነው፣ እኔም ሳጥን ውስጥ ነኝ። ወልድያ ያለ አንድ ኮሌጅ የነፍሳት ክፍል ሊከፍት ነው፤ ለገበሬው አንበጣና ተምች፣ ለጤና ሠራተኛው ጊንጥ ማሳያ። የሚቀጥሩት አንድ ሰው ነው። «በራሱ ያሳደገውን ሕያው ስብስብና የያዘውን ማስታወሻ ይዞ ይቅረብ» ይላል ማስታወቂያው። ፈተናው የካቲት 17 ነው። ፈሪዬ፣ ከአላማጣ እስከ ወልድያ ጊንጥ ቀልቦ በየቀኑ የሚመዘግብ ሌላ ማን አለ? ይህ ሥራ የኔ ነው። በሕልሜ እንኳ ነጭ ጋውን ለብሼ ነው የማድረው።

ልትልኪልኝ ያልሽው ቀጭን መቆንጠጫስ የት ደረሰ? ፎቶሽ ላይ ያሉትን የመስታወት ሳጥኖች ቆጠርኳቸው፤ አስራ አንድ፣ እያንዳንዱ የራሱ መብራት፣ የራሱ ሙቀት መለኪያ። እኔ በቴምር ዕቃ ነው የማሳድገው። አልቀናሁም። እሺ፣ ትንሽ ቀንቻለሁ።

እህትሽ ዘሊካ


ላይፕዚግ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዘሊካ፣

ወዓለይኪ ሰላም ወረሕመቱላሂ። አክስቴን፣ አጎቴን፣ ሰፈሩን በሙሉ ሰላም በይልኝ። አላህ ደጃችሁን የሰላም ያድርገው። አባቴ ጉልበቱ ተሽሎታል።

ደብዳቤሽን የአዛውንቶች መጦሪያው ወጥ ቤት ቆሜ፣ በሥራ ዕረፍቴ አነበብኩት። ማሻአላህ ማለት ነበረብኝ። ብያለሁ፤ ግን ዘግይቼ ነው ያልኩት፣ ይህን አልደብቅሽም። አስራ አንድ ባለፀጉር ሸረሪት፣ ታራንቱላ፣ አለኝ። ሙቀታቸውን በዲግሪ፣ ውኃቸውን በጠብታ ለክቼ ነው የማኖራቸው። አንዷም አልፈለፈለችልኝም። አንቺ በቴምር ዕቃ፣ ሱቅ ጥግ ወሽቀሽ ሃያ ስምንት።

እዚህ በወር አንዴ የምንሰበሰብ ሸረሪትና ጊንጥ አሳዳጊዎች አለን። እያንዳንዱ እንስሳውን ይዞ ይቆምና ከየት እንደመጣ ይናገራል። አንድ ሽማግሌ «ከኢትዮጵያ ቆላ የመጣ ዘር» እያለ ያሳየናል፤ አገሩን ረግጦት አያውቅም። እኔ እዚያው ተወልጄ አስራ አራት ዓመት ኖሬ፣ የማሳየው ከሱቅ የገዛሁትን የብራዚል ሸረሪት ነው። «ከራስሽ አገርስ ምን አለሽ?» ይሉኛል። አንቺ ድንጋይ በገለበጥሽ ቁጥር የምታገኚውን እኔ በሱቅ መስኮት መስታወት ነው የማየው።

ስለዚህ አንድ ነገር ላስታውስሽ። ስሄድ አጎቴ መህዲ ፊት «ጊንጧን በርቢ ሰጥቼሻለሁ» ብያለሁ። ስቀናል፤ ግን ብያለሁ። አንቺም «ተቀብያለሁ» ብለሻል። ከብቱን በርቢ የሰጠ ሰው ከተወለደው እኩል እንደሚካፈል የምነግርሽ እኔ አይደለሁም፤ የራያ ልጅ ነሽ። አራቢው ለሁለት ይከፍላል፣ ባለቤቱ ይመርጣል። አስራ አራቱ የኔ ናቸው። ላኪልኝ አላልኩም፤ ያለ ፈቃድ ሕያው እንስሳ ድንበር አያልፍም፣ ላስጠይቅሽም አልፈልግም። እዚያው ይደጉ። ግን የኔ ይሁኑ። ቆሜ «ቆቦ ውስጥ አስራ አራት ጊንጥ አለኝ» ማለት እፈልጋለሁ።

ክፈዪና ጻፊልኝ፣ እመርጣለሁ። መቆንጠጫውን ረስቼው ነው፣ ይላካል። ለፈተናሽ አላህ ያግዝሽ። የኔን ድርሻ ይዘሽ ግን እንዳትቀርቢ።

ፈሪሀ


ቆቦ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፈሪሀ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ሰላምታውን ለአላህ ብዬ ነው የጻፍኩት፣ ላንቺ ብዬ አይደለም።

ሙቀት የለካሁት እኔ፣ ምስጥ ስቆፍር የዋልኩት እኔ፣ «ጠንቋይ ሆነች» የተባልኩት እኔ፤ አንቺ ድንጋይ ስለገለበጥሽ እኩሌታው ያንቺ! ደብዳቤሽን እንደያዝኩ በቀጥታ አጎቴ ሱቅ ገባሁ። የሮቢቷ ደንበኛው ታንጉት ነጠላ ዘርግታ ዋጋ ትከራከር ነበር።

«አጎቴ፣ ይፍረዱኝ። ፈሪሀ ጊንጧን በርቢ ነው የሰጠኋት ትለኛለች» አልኩ።

«ብላለች። ምስክሩም እኔ ነኝ» አሉ።

«የጊንጥ ርቢ!» ታንጉት ነጠላውን ጣለችው። «ኧረ የት ልድረስ! ወተቱን ማን ሊጠጣ ነው?»

«አራቢዋ ናታ» አሉ አጎቴ፣ ፈገግ እንኳ ሳይሉ። «ወተት የአራቢ ነው። ይቺ ተማርኩ ብላ ደንቡን ረሳችው እንጂ ፍየልም ይሁን ግመል ወይም የንብ ቀፎ፣ ቃሉ አንድ ነው። ትከፍያለሽ፣ ትመርጣለች።»

«ልጆቿ እኮ ፍየል አይደሉም፣ አጎቴ። ጊንጥ ከተራበ ወንድሙን ይበላል።»

«ዘመድ ሲራብ ሌላ ምን ያደርጋል? ስሚ፣ ሁለት በረት አድርገሽ ለያቸው። እሷ እስክትመርጥ አንዱን ካንዱ አታቀያይሪም፣ አትቀላቅዪም፣ አትነኪም። ከነካሽ ሌባ ነሽ።»

ታንጉት ስትወጣ «ዋ፣ ስታልቢያት እንዳትረግጥሽ!» ብላኝ ሄደች። እስከ ማታ ገበያው ሁሉ ሲስቅብኝ ዋለ።

እንግዲህ ከፍያለሁ። ቆዳቸውን ጥለው ከእናታቸው ጀርባ ወርደዋል። እሷን ለብቻዋ አድርጌያታለሁ። አስራ አራቱ በቴምሩ ዕቃ፣ አስራ አራቱ በዘይቱ ዕቃ ናቸው፤ የዘይቱ ያልኩሽ ከጀሪካን የቆረጥኩት ነው። እኩል ናቸው። ወላሂ አልልም፣ ግን እኩል ናቸው። ቶሎ ምረጪ።

መቆንጠጫው አልደረሰም። አይድረስ።

ዘሊካ


ቆቦ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፈሪሀ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ሁሉም ደህና ነው። እናቴ ሰላም ብላለች።

ሃምሳ ቀን ሆነ፣ መልስ የለም። መንገዱ መዘጋቱን አውቃለሁ፤ ሹፌሩ አለሙ «ፖስታ ደሴ ተከምሯል» ብሎኛል። ግን አንዳንድ ሰው መንገድ ክፍትም ሆኖ ዝም ይላል። እናቴ «ደውይላታ!» ትለኛለች። አልደውልም። የጠየቅሽው በወረቀት ነው፣ በወረቀት መልሺ።

በቴምሩ ዕቃ ያሉት ጥሩ ናቸው። በየሁለት ቀኑ የበረሮ ጫጩትና ምስጥ እሰጣቸዋለሁ፣ ሁሉንም በማስታወሻዬ እጽፋለሁ። በዘይቱ ዕቃ ያሉትም አሉ።

ፈተናው ሃያ ሰባት ቀን ቀረው። ተፈታኞች ስምንት ነን አሉ። ኤፍሬም የሚባል የወልድያ ልጅ አርባ ዓይነት ቢራቢሮ ሰብስቧል፣ ከእንቁላል ጀምሮ ያሳደገውም አለው ይባላል። እሱ በየትኛው ዕቃ እንደሚያሳድግ አላውቅም፣ የቴምር ዕቃ እንዳልሆነ ግን እርግጠኛ ነኝ። የአባቱ ወንድም ፋርማሲ አለው፤ ብልቃጥ አይጠፋበትም። ሰው ሁሉ ከኔ የተሻለ ነገር ያለው እየመሰለኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

የትኛውን መረጥሽ?

ዘሊካ


ላይፕዚግ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.
(ይህ ደብዳቤ መንገድ ላይ ከርሞ ቆቦ የገባው መጋቢት 4 ቀን ነው።)

ለእህቴ ለዘሊካ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ፣ ዛሬ መለስኩ። ቁጣሽ ከነትኩሱ ደርሷል። የታንጉትን ቀልድ ለአባቴ አነበብኩለት፤ ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ ሲበቃው አለቀሰ።

«ወላሂ አልልም» ያልሽው ላይ ስደርስ ቆምኩ። አንቺ እኮ ሽንኩርት ሲወደድ እንኳ ወላሂ ትያለሽ! ልጆች ሳለን የማሽላ እሸት አካፋይ አንቺ ነበርሽ። ሁልጊዜ ወፍራሙ ወዳንቺ፣ ቀጭኑ ወደኔ። ሁልጊዜም የራስሽን አስቀድመሽ ትጠሪ ነበር። አሁንም «የቴምሩ» ብለሽ ጀመርሽ። ስለዚህ ደካሞቹ በዘይቱ ዕቃ ናቸው።

የዘይቱን መርጫለሁ።

ጠንካሮቹን ይዘሽ ፈተናሽን ግቢ። ይህን የማደርገው ደግ ስለሆንኩ አይምሰልሽ። ያለፈውን ደብዳቤ ስጽፍ በቅናት ታውሬ ነበር። የአንድ ሴት ልጅ የዕድሜ ልክ እንጀራ ላይ ቆሜ «ድርሻዬን አምጪ» አልኩ። ደካሞቹን ብወስድ ይሻለኛል ብዬ ነው፤ ጠንካሮቹን ብወስድም ቅናቱ አይለቀኝም፣ በሌላ ነገር እቀናብሽ ነበር። በደጃፍሽ፣ በድንጋዩ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሳቂያ በመሆንሽ እንኳ እቀናለሁ። እኔ እዚህ ብወድቅ ብነሣ የሚስቅብኝ የለም።

መቆንጠጫው ከዚህ ጋር አለ። አስራ አራቱን እንደልጆችሽ ያዢልኝ። ካልሆነም እንደ እህትሽ ልጆች።

ፈሪሀ


ቆቦ፣ መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፈሪሀ፣

አሰላሙ ዓለይኪ ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። የረመዳንን ጾም አላህ ከሁላችንም ይቀበለን። ጾም ይዤ ነው የምጽፍልሽ፣ ስለዚህ የምጽፈው ሁሉ እውነት ነው።

አስራ አራት ጊንጥ የለሽም። አንድ ነው ያለሽ።

እንደገመትሽው ነው የከፈልኩት። ቀጫጭኖቹን፣ ቆዳ ሲጥሉ እግራቸው የተሰበረውን፣ ሁሉንም ወደ ዘይቱ ዕቃ። በቴምሩ ዕቃ ምስጥ፣ በዘይቱ ውኃ ብቻ። «መጥታ ትቀልባቸው» እያልኩ። ጥር መግቢያ ላይ ሐምራዊውን መብራት ሳበራ ዘጠኝ ቆጠርኩ። በሳምንቱ አራት። ነጣጥዬ ማስቀመጥ እችል ነበር፤ አንድ ከረጢት ሙሉ ባዶ የመድኃኒት ጠርሙስ ነበረኝ። ግን «አጎቴ አትንኪ ብለውኛል» አልኩ። ያጎቴን ቃል የቅናቴ ክዳን አደረግኩት። «በዘይቱ ዕቃ ያሉትም አሉ» ብዬ በጻፍኩልሽ ቀን የነበሩት ሁለት ናቸው። በማግስቱ አንዷ ቀረች።

ግን ፈሪሀ፣ ብታያት! ወንድም እህቶቿን በልታ፣ ሁለቴ ቆዳ ጥላ፣ ከጠገቡት ከኔዎቹ እጥፍ ሆነች። የኔዎቹ አስራ አንድ ቀርተዋል፤ ደህና ናቸው፣ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። እሷ ጅራቷን ስታነሣ ያየ ሁሉ አንድ እርምጃ ያፈገፍጋል። ያንቺን ድርሻ አስርቤ ያንቺው በለጠ። ማታ ማታ እያየኋት በጊንጥም እንደሚቀና አወቅኩ።

የካቲት 17 ጠዋት ሁለቱንም ዕቃ ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ወልድያ ስደርስ የኤፍሬምን ቢራቢሮዎች አየሁ። አላህ ይየው፣ እንደ ሐር ሱቅ ነበር። የቴምሩን ዕቃ ከእግሬ ሥር ደበቅኩና ያንቺን ጠረጴዛው ላይ አወጣሁ። ፈታኙ አቶ አላምረው ይባላሉ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ነገር የሚያኝኩ ሰው ናቸው። ጎንበስ ብለው ብዙ አዩዋት።

«የማን ናት?» አሉኝ።

«የኔ።»

ማስታወሻዬን ገለጡ። «እዚህ ላይ ‹የፈሪሀ፦ አስራ አራት፣ ዘጠኝ፣ አራት፣ ሁለት፣ አንድ› ይላል። ፈሪሀ ማናት?»

«የዕቃው ስም ነው» አልኳቸው።

አለፍኩ። አንደኛ! ኤፍሬም ሁለተኛ። ሥራ የምጀምረው ሚያዝያ 1 ነው። እናቴ እልል አለች፤ ታንጉት እንኳ ከሮቢት መጥታ «ለካ ትታለባለች!» ብላ ሳመችኝ።

ደብዳቤሽ ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ መጣ። «ጠንካሮቹን ይዘሽ ግቢ» የሚለውን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ትናንት ተመልሼ ወልድያ ሄድኩና ለአቶ አላምረው አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም። ለካ የዋጃ ሰው፣ እንደኛው የራያ ልጅ ናቸው።

«የጊንጥ ርቢ ሰምቼ አላውቅም» አሉ። «ርቢን ግን አውቃለሁ፤ አባቴ ያሳደጉን በሰው ላም ነው። አንቺ የሰው ከብት በራስሽ ስም ገበያ አውጥተሻል።»

«ሥራው ቀረብኝ?»

«ማስታወሻው ላይ ቁጥሩን አልዋሸሽም፤ ያሳለፈሽም እሱ ነው። ጊንጧ ግን ያንቺ አይደለችም። ባለቤቷ ትወስን። ‹በክፍሉ ትቀመጥ› ብላ በእጇ ጽፋ ከፈረመች፣ ሚያዝያ 1 ትገቢያለሽ። ‹አልፈቅድም› ካለች በራስሽ አስራ አንዶቹ ከኤፍሬም ጋር ድጋሚ ትፈተኛለሽ። እስከ መጋቢት 28 እጠብቃለሁ።»

በአስራ አንዶቹ ኤፍሬምን እንደማላሸንፍ እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ።

ከፈቀድሽ ሳጥኑ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «ባለቤት ፈሪሀ፣ አራቢ ዘሊካ»። ስምሽ ከስሜ በላይ። ሳስበው አሁንም እቀናለሁ፤ ጾም ይዣለሁና አልዋሽሽም። ይቅር በይኝ የምልሽ ቅናቱ ስለለቀቀኝ አይደለም፤ አስራ ሦስቱን ስለጨረስኩብሽ ነው። ከከለከልሽኝም አልፈርድብሽም። እኔ ብሆን እከለክል ነበር ብዬ ሦስት ጊዜ አስቤያለሁ።

ይህን ወረቀት የአጎቴ ደንበኛ ሙህዲን ነው ይዞት ወደ ጀርመን የሚበረው፤ በአራት ቀን እጅሽ ይገባል። መልሱን ግን ፖስታ ቤት አትስጪው፤ ጻፊና ፎቶ አንስተሽ በስልክ ላኪው፣ ኔትወርኩ በመጣበት ቀን እቀበለዋለሁ። ፈቃዱ ወይም ክልከላው በአንድ ወረቀት ይሁን፣ ከነፊርማሽ። ስድቡን በሌላ ወረቀት አድርጊው። የመጀመሪያውን ለአቶ አላምረው እሰጣለሁ፣ ሁለተኛውን ለራሴ አስቀራለሁ። ብቻ ሁለቱንም ጻፊልኝ።

እህትሽ ዘሊካ